የጡንቻ ኢንዛይምና የነርቭ ጉዳት፦ የደም ምርመራው ምን ይነግረናል?



በነታንያ ከአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ጋር ስሠራ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ነገር አለ። አባወራው ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም ውሎ እግሩ ይዝላል፤ ሌሊት ደግሞ ውስጥ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይለበልበዋል። ሐኪሙ ደም አስመርምሮ «የጡንቻ ኢንዛይም ከፍ ብሏል» ይለዋል። እርሱም «ነርቬ አልቋል፤ ሽባ ልሆን ነው» ብሎ ተጨንቆ ይመለሳል። ሁለቱ ነገሮች ግን አንድ አይደሉም።

ኢንዛይሙ ምንድን ነው?

ሲ.ኬ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ኢንዛይም በብዛት የሚገኘው በጡንቻ ውስጥ ነው። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ከባድ ሥራ፣ መውደቅ፣ በጡንቻ የሚወጋ መርፌና አንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ከፍ ያደርጉታል። የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ የሆነ ሰዎችም ጤነኞች ሳሉ እንኳ መጠኑ ከአውሮፓውያን ከፍ ሊል ይችላል።

ከነርቭ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ ያደርሳል፤ የቆዳንም ስሜት ወደ አንጎል ይወስዳል። ትእዛዝ አድራሹ ነርቭ ሲጎዳ ጡንቻው ይሰልላል፤ ኢንዛይሙም በመጠኑ ከፍ ሊል ይችላል። እጅግ ከፍ ካለ ግን ብዙውን ጊዜ የተጎዳው ጡንቻው ራሱ ነው። በአንጻሩ የስኳር በሽታ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የስሜት ነርቮችን ሲጎዳ ኢንዛይሙ ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መጠጥ ማብዛት ሁለቱንም ይጎዳል።

እንግዲህ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ከፍ ቢል ነርቭ አልቋል ማለት አይደለም፤ ደኅና ቢሆንም ነርቭ ጤነኛ ነው አያሰኝም። የስኳር በሽታ ከኢትዮጵያ በመጡ ወገኖቻችን ዘንድ እዚህ ከገቡ በኋላ በርክቷልና፣ እግራችሁ ከደነዘዘ የስኳር ምርመራ ጠይቁ። የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይናገርም፤ በየቀኑ ተመልከቱት።

ለሐኪሙ ምን ትነግሩታላችሁ?

በቋንቋችን «ሥር» ስንል የደም ሥርን፣ ጅማትንም ነርቭንም ማለታችን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሥሬን አመመኝ» ብቻ አትበሉ፤ ቦታውን በእጃችሁ አሳዩ፤ መደንዘዝ፣ ማቃጠል ወይም መድከም መሆኑን ለዩ። ልጃችሁን ከማስተርጎም አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሥራችሁንና መድኃኒታችሁን ሁሉ ተናገሩ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ሊታዘዝ ይችላል፤ ነገር ግን ሐኪም ሳያዝዝ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

በ1970ዎቹ በደንቢያና በፎገራ እንደሆነው ጓያ በልቶ እግሩ የተያዘ ሰው በቤታችሁ ካለ ይህንንም ንገሩ። የጓያ ጉዳት ከአንጎል በአከርካሪ በኩል ትእዛዝ የሚያወርዱ ነርቮች ላይ እንጂ በእጅና በእግር ነርቮች ላይ አይደለም፤ ምርመራውም ይለያል።

መቼ ትፈጥናላችሁ?

ጡንቻ እያመመ ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ድካሙ በጥቂት ቀናት ከእግር ወደ ላይ ከወጣ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ አትዘግዩ። በ101 ማጌን ዳዊድ አዶምን ጥሩ፤ ወይም በከተማችን ወደሚገኘው ወደ ላኒያዶ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሚሠራው የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የአገሪቱ ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሖሊሞች፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከመካቢ፣ ከመኡሔደት ወይም ከለኡሚት በአንዱ የመታከም መብት አለው። መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።