ከጂንካ ወደ ሰሜን፦ የበጎ ፈቃድ ዓመት ምንድን ነው?

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ቀን ነው። አሪዎች ከደጋው ቡና፣ ቆጮና ሙዝ ተሸክመው ይወርዳሉ። በናዎች ማርና ፍየል ይዘው ይመጣሉ፤ ሙርሲዎችም ከማጎ ማዶ ይደርሳሉ። በመሐላቸው ካሜራ ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ይዘዋወራሉ። ከፈረንጆቹ ጎን የሚሄደው የአካባቢ አስጎብኚ ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ቢጀምረውም ያቃናው ከእንግዶች ጋር መንገድ ላይ ነው። የዕለት ሥራው አገሩን ለሌላው ሰው ማስረዳት ነው። የዚያን ሰው አገር ግን የሚያውቀው ከእንግዶቹ ጨዋታና ከስልኩ ብቻ ነው።

ደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ምድር በመሆኑ ጎብኚም ተመራማሪም ሲጎርፍበት ኖሯል። ከጂንካ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም በጀርመኑ የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ በአንትሮፖሎጂ ባለሙያው በኢቮ ሽትሬከር አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ነው። ከውጭ የመጣው ሰው ጠይቋል፣ ቀርጿል፣ ጽፏል። የጂንካ ወጣት በተራው ሄዶ የሌላውን ኑሮ ከውስጥ የሚያይበት መንገድ ግን ቀጭን ነው። ካሉት ጥቂት መንገዶች አንዱ የበጎ ፈቃድ ዓመት ይባላል፤ በዚህ ረገድ የተለየ ልምድ ካዳበሩት መካከል ደግሞ የሰሜን አውሮፓ አገሮች፣ በተለይም ኖርዌይ ይገኙበታል።

የበጎ ፈቃድ ዓመት ትምህርትም ቅጥርም አይደለም፤ ከሁለቱም ግን ይወስዳል። አንድ ወጣት ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት በሌላ አገር ይቀመጥና በአንድ ድርጅት ውስጥ ያገለግላል። ድርጅቱ መዋዕለ ሕፃናት፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ የወጣቶች ማዕከል፣ ሆስፒታል ወይም ሙዚየም ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ኢንሹራንሱና የጉዞ ወጪው ይሸፈንለትና ጥቂት የኪስ ገንዘብ ይሰጠዋል። የሚጠበቅበት ሥራውን በትጋት መሥራት፣ ቋንቋውን መሞከርና ዓመቱ ሲያበቃ ወደ ቤቱ መመለስ ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ከጦርነት ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬዞል እ.ኤ.አ. በ1920 ከቀድሞ ጠላት አገሮች የመጡ ሰዎችን አሰባስቦ፣ በፈረንሳይ ቬርደን አካባቢ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደመውን የኤን መንደር መልሶ ለመሥራት ተነሳ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በ1949 የጀርመን ወጣቶች ወደ አሜሪካ ቤተሰቦች ተልከው ለአንድ ዓመት እንዲኖሩ ተደረገ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው ዓለም አቀፍ የወጣቶች የባህል ልውውጥ የተባለው ድርጅት የተጀመረው እንዲህ ነው። አሜሪካ በ1961 የሰላም ጓድን ስታቋቁም ኢትዮጵያ ከቀዳሚዎቹ ተቀባዮች አንዷ ነበረች፤ በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን በአንድ ጊዜ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ማስተማር ጀመሩ።

ኖርዌይም በ1963 የራሷን የሰላም ጓድ መሠረተች፤ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶችም ወደ ኡጋንዳ ተላኩ። ያኔ ጉዞው የአንድ ወገን ነበር፤ የሰሜኑ ሰው ዕውቀት ይዞ ይሄዳል፣ የደቡቡ ይቀበላል። ተቋሙ በዚህ መልኩ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ከሠራ በኋላ በ2000 እንደ አዲስ ተዋቀረ። አዲሱ መርህ ልውውጥ ነው። ኖርዌያዊው ወደ አፍሪካ ወይም ወደ እስያ ሲሄድ አፍሪካዊው ወይም እስያዊው ደግሞ ወደ ኖርዌይ ይመጣል፤ ሁለት የደቡብ አገሮችም እርስ በርሳቸው ወጣት ይለዋወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ተቋሙ ከኦስሎ ወጥቶ በምዕራብ ኖርዌይ ወደምትገኘው ፎርደ የተባለች ትንሽ ከተማ ሲዛወር ስሙም ኖሬክ ሆነ።

የኖሬክን አሠራር ለማወቅ የሚፈልግ ወጣት በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ኖሬክ ከግለሰብ ማመልከቻ አይቀበልም፤ የሚዋዋለው ከተቋማት ጋር ነው። አንድ የኖርዌይ ሆስፒታልና አንድ የአፍሪካ ሆስፒታል፣ ወይም ሁለት ሙዚየሞች፣ ወይም ሁለት የወጣት ማኅበራት አብረው ምን ሊማማሩ እንደሚፈልጉ ጽፈው ያቀርባሉ። ሲፈቀድላቸው እያንዳንዱ ከራሱ ሠራተኞች ወይም አባላት መካከል መርጦ ይልካል። ተመራጮቹ ከጉዞ በፊት የዝግጅት ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ሲመለሱም ያዩትን በላካቸው መሥሪያ ቤት ሥራ ላይ የማዋል ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ሄዶ የሚመለሰው አንድ ሰው ቢሆንም የሚለወጠው ተቋሙ እንዲሆን ታስቧል።

ይህ ወደ ልውውጥ የተደረገው ለውጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚገባው የቀድሞውን የአንድ ወገን መንገድ ሲያስታውስ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የስዊድንና የኖርዌይ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓዶች ወደ ኢትዮጵያ ዘምተው ነበር። በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድኑ ጓድ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድቦ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ አባሉን አጥቷል። ያኔ 26 ዓመቱ የነበረው ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ቁስለኞችን በአውሮፕላን ያመላልስ ነበር፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ብዙ ደክሟል። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በ1948 እ.ኤ.አ. በሲዳሞ ሥራ ጀመረ። የደቡብ ኦሞ ጎረቤት በሆነችው ኮንሶ ደግሞ ከ1954 ጀምሮ የአይስላንድ ሚሲዮናውያን ትምህርትና ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋል። በ1960ዎቹም በስዊድን ድጋፍ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ሰው ስም ሲፈለግ ከሩቅ ዘመን የሚገኘው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ይህ ሰው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን የዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ቆየ። ተመልሶም ከአስቴር ጋኖ ጋር በመሥራት መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ለማሳተም በቃ፤ መጽሐፉ በ1899 ወጣ። የሰሜኑ ቆይታው ፍሬ የታየው በስዊድን ሳይሆን በገዛ ቋንቋው ላይ ነው።

የአንድ ዓመት አገልግሎት ራሱ ለኢትዮጵያ ባዕድ ነገር አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነዋል። የአዲስ አበባ ልጅ ስሟን እንኳ ሰምቶ በማያውቃት ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ኑሮን ከባለ ቤቲቱ እየተማረ፣ የገዛ አገሩን እንደ አዲስ ያየበት ዓመት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወጡ። ዘመቻው በመንግሥት ትእዛዝ የሆነ እንጂ የበጎ ፈቃድ አልነበረም፤ ዘመቻውንና የበጎ ፈቃድ ዓመቱን የሚለየውም ይኸው ፈቃድ ነው።

እንግዲህ አንዲት የጂንካ ነርስ ወይም አንድ የሙዚየም ሠራተኛ ለዚህ ዓመት ተመረጡ እንበል። ምን ይጠብቃቸዋል?

በመጀመሪያ ብርሃኑ። ጂንካ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስድስት ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ምንም ያህል አይቀረውም። በሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ ግን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ በበጋ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል አትጠልቅም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ድንግዝግዝ ብቻ መሆኑን ሰውነት በቀላሉ አይቀበለውም። የአገሩ ሰዎች ለዚህ ጊዜ ሻማ ያበራሉ፣ የዓሣ ዘይት ይወስዳሉ፣ በረዶም ቢሆን ለእግር ጉዞ ይወጣሉ። እንግዳው እንዲሁ ማድረግን ቶሎ ቢማር ይበጀዋል፤ ክፍሉን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ብቸኝነቱ ይብስበታል።

ቀጥሎ አክብሮት። አማርኛ ተናጋሪ ለታላቁ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ሳይል ማውራት ይጨንቀዋል። በኖርዌይና በስዊድን ግን የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅም ጎረምሳውንም «አንተ» ማለት የተለመደ ነው፤ በስዊድን ይህ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። መጠሪያውም «ዶክተር» ወይም «ጋሼ» ሳይሆን የራሱ የሰውየው ስም ነው። ይህ ንቀት እንዳልሆነ ለመረዳት ሳምንታት ይወስዳል። በዚያው ልክ አለቃው በስብሰባ ላይ «አንተስ ምን ታስባለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም ማለት እንደ ትሕትና ሳይሆን ሐሳብ እንደ ማጣት ይቆጠራል። ታላቅ ሳይናገር መናገር ነውር ሆኖበት ላደገ ወጣት ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ሊሆን ይችላል።

የሚያቀራርብም አለ። ኖርዌያውያን ዱግናድ የሚሉት የጋራ ሥራ አላቸው። ፀደይ ሲገባ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ተሰብስበው ግቢ ያጸዳሉ፣ አጥር ይቀባሉ፤ ሲጨርሱ ቡናና ዳቦ አብረው ይቀምሳሉ። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ2004 የአገሪቱ ብሔራዊ ቃል ብለው መርጠውታል። ፊንላንዶች ታልኮት ይሉታል። ደቦና ወንፈል ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አካፋ አንስቶ መግባት ብቻ ነው። ከባዕዱ ሕዝብ ጋር ለመተዋወቅ ከዚህ የተሻለ በር አይገኝም፤ ሥራው ቋንቋ አይጠይቅምና።

ቡናውም እንዲሁ ነው። ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ በዓመት ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ቡና ይጠጣሉ፤ በዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት ናቸው። ቡና የሚያበቅለው የአሪ ገበሬ ልጅና ገለባውን አፍልቶ በቅል የሚጠጣው የሐመር ልጅ ስለ ቡና የሚያስተምሩት አያጡም። በሰሜኑ ፍሬው ተቆልቶና ተፈጭቶ በፓኬት ስለሚገባ ዛፉን ያየ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ እንግዳውን ከተማሪነት ወደ አስተማሪነት ያሸጋግረዋል፤ የልውውጡም ዓላማ ይህ ነው።

ወደዚህ ከመድረሱ በፊት ግን የሚታለፍ በር አለ፤ ለደቡብ ኦሞ ወጣት በሩ ከሌላው ይጠብባል። ፓስፖርት የልደት ማስረጃ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ዛሬ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት የተወለደው ከዚያ በፊት ነው፤ በአርብቶ አደር ቤተሰብ ያደገ ከሆነ ደግሞ የተወለደበት ጊዜ የሚታወሰው በዝናቡ ወይም በድርቁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ከቀበሌ ጀምሮ ማስተካከል፣ በትምህርት ማስረጃው፣ በመታወቂያውና በፓስፖርቱ ላይ ስሙና የልደት ቀኑ አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ ቀድሞ የሚሠራ ሥራ ነው። ከጂንካ አዲስ አበባ በመኪና ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በአንድ ፊደል ስሕተት ይህን መንገድ ደግሞ መመላለስ አቅም ይፈልጋል።

ሌላው ጥንቃቄ ከደላላ ነው። እውነተኛ የበጎ ፈቃድ ቦታ በጽሑፍ ውል አለው፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ማደሪያው የት እንደሆነ፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክም፣ የመመለሻ ትኬቱን ማን እንደሚገዛ ይገልጻል። «ገንዘብ ክፈልና ቦታ ላግኝልህ» የሚል ሰው ካለ መንገዱ ሌላ ነው። በሰው ቤት ልጅ እየያዙ መኖርም ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም፤ ኖርዌይ የጉልበት ብዝበዛ ሰፍኖበታል በሚል ይህን አሠራር በ2024 ዘግታዋለች። የአውሮፓ ኅብረት የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብር ደግሞ በዋናነት የተከፈተው ለራሱ ለአውሮፓና ለጎረቤቶቿ ወጣቶች ነው። ለኢትዮጵያዊ ሰፋ ብሎ የሚገኘው በተቋማት መካከል የሚደረገው ልውውጥ ነው።

ይህም ጉዳዩን ወደ ጂንካ ይመልሰዋል። ከተማዋ ጠቅላላ ሆስፒታል አላት። ዩኒቨርሲቲዋ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀምሯል። በኮረብታው ላይ ሙዚየም፣ በከተማው ውስጥ የአስጎብኚ ማኅበራት አሉ። እያንዳንዳቸው ለሰሜኑ አቻቸው የሚያሳዩትና ከእሱ የሚፈልጉት ነገር አለ። ለምሳሌ ስዊድንና ኖርዌይ ሳሚ የተባለውን ሕዝብ ቅርስ በሙዚየም እንዴት እንደሚይዙ፣ ባለቤቶቹ በአያያዙ ላይ ምን ድምፅ እንዳላቸው ማየት ለደቡብ ኦሞ ሙዚየም ሠራተኛ የቅርብ ጉዳይ ነው። ከዚያ የሚመጣ ወጣት ደግሞ ከሐመር ወይም ከሙርሲ ጋር በትርጉም መግባባት ምን እንደሚጠይቅ ከጂንካ አስጎብኚ ይማራል፤ ካሜራውንም አስቀምጦ ለወራት ይቀመጣል። ያንን የልውውጥ ጥያቄ ጽፎ ወደ ፎርደ የሚልከው ግን ገበያ ላይ ከእንግዶች ጋር የሚሄደው ወጣት ብቻውን ሊሆን አይችልም። ደብዳቤው የማኅበሩ ወይም የሙዚየሙ አርማ፣ ማኅተምና የኃላፊ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ የሚጀመረውም በሆስፒታሉ፣ በዩኒቨርሲቲው ወይም በሙዚየሙ ቢሮ ውስጥ ነው።