«ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» ሲባል

ይህን አባባል ስንሰማ ብዙዎቻችን ውሃው ሳንባ ውስጥ የገባ ይመስለናል። የሚገርመው ግን ውሃው ያለው ከሳንባው ውጭ ነው! ሳንባን የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ፤ የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሚያለብስም ሌላ አለ። በሁለቱ መካከል ሽፋኖቹ ሳይፋተጉ እንዲንሸራተቱ የሚረዳ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም የማይበልጥ ፈሳሽ ይገኛል።

ካንሰር፣ በተለይ የሳንባና የጡት፣ ወደዚህ ሽፋን ሲዛመት ፈሳሹ በብዛት ይመነጫል፤ የሚወጣበት መስመርም ይዘጋል። አንዳንዴ ከሊትር በላይ ተጠራቅሞ ሳንባውን ይጫነዋል። ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ውሃ መጠጣት መቀነስ አይፈታውም።

ሐኪሙ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ እያየ፣ በጎድን አጥንቶች መካከል በመርፌ ይቀዳል። ናሙናውም ይመረመራል፤ አገራችን ውስጥ ቲቢም ውሃ ያስቋጥራልና መንስኤውን ማረጋገጥ ግድ ነው። በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 ሊትር በላይ አይቀዳም፤ ተጨምቆ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲነፋ እሱ ራሱ ፈሳሽ ሊሞላ ይችላል።

እፎይታው ፈጣን ቢሆንም ውሃው ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ያኔ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ውሃው በቱቦ ከወጣ በኋላ ለሕክምና የተዘጋጀ የታልክ ዱቄት መጨመር ነው። ዱቄቱ ሽፋኖቹን አስቆጥቶ ያጣብቃቸዋል፤ ውሃውም መጠራቀሚያ ያጣል። ሳንባው ተመልሶ ካልተነፋ ግን ሽፋኖቹ ስለማይገናኙ አይሠራም። ሁለተኛው፣ ከቆዳ ሥር የሚያልፍ ለስላሳ ቱቦ አስገብቶ እዚያው መተው ነው፤ ሕመምተኛው ወይም የሠለጠነ ቤተሰብ ቤት ውስጥ በንጽሕና ይቀዳል። ሳንባቸው ለማይነፋም ያገለግላል።

የቱ ይሻላል? በ2012 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ 106 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት ታተመ። በመጀመሪያዎቹ 42 ቀናት ሁለቱም የትንፋሽ ማጠርን አቃለሉ፤ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ቱቦ የገባላቸው ሆስፒታል የተኙት ለአጭር ጊዜ ነበር፤ እንደ ኢንፌክሽን ያሉ ችግሮች ግን በእነሱ ላይ በዝተዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሁለቱን አጣመረ፤ በቤት ቱቦው ታልክ ሲጨመር በ35 ቀናት ውስጥ ሽፋኑ የተጣበቀላቸው 43 በመቶ ሲሆኑ፣ ያለ ታልክ ግን 23 በመቶ ነበሩ።

ይህ ሕክምና ካንሰሩን አያጠፋም፤ ትንፋሽን ግን ይመልሳል። ስለዚህ ወገናችሁ ውሃ በተደጋጋሚ የሚቀዳለት ከሆነ፣ ሐኪሙን «ሳንባው ተመልሶ ይነፋል? ለእሱ የሚስማማው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።