መነጽር የሚገዛ ሰው ስም አይግዛ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለሰው የተነገረ እንጂ ለዕቃ የተነገረ አይደለም። ይህን ያስተማረኝ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው ባለ ሁለት ዐይን መነጽር፣ ብዙዎች ባይኖኩላር የሚሉት ዕቃ ነው። የወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ አውጥቼ የገዛሁት መነጽር የታወቀ ማርካ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል፤ የፊት መስተዋቱም እንደ ፍም ቀይ ነበር። ሻጩ «ይህ የወታደር ነው፤ ሌሊትም ያሳያል» እያለ አመሰገነው፤ እኔም ስሙን አይቼ አመንኩ።

በአንድ እሑድ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ደብረ ሊባኖስ ወረድንና ከገደሉ ማዶ የተቀመጡትን ጭላዳዎች ለማየት መነጽሬን አነሣሁ። አንዱ ጭላዳ ሁለት ሆኖ ታየኝ። በወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ቆዳም አመድ መሰለ። ጓደኛዬ ወታደር ከነበሩት አባቱ የወረሰውን፣ የራሽያ ፊደል የተጻፈበትንና ቀለሙ የተላላጠውን አሮጌ መነጽር አቀበለኝ። በእርሱ ስመለከት ሁሉም ነገር ጥቂት ቢጫ ያለበት ቢመስልም ጭላዳው አንድ፣ ደረቱም ቀይ ሆነ፤ ጋማው በነፋስ ሲንቀሳቀስ እንኳ ለየሁት።

ነገሩ ለሣቅ ብቻ የሚነገር አይደለም። በሰሜን ተራሮች ጭላዳን ያጠኑ ሊቃውንት በ2009 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፉት፣ የወንዱ ደረት ቅላት ከማዕረጉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሴቶችን ይዞ የሚመራው ወንድ ከማይመራው ይልቅ ይቀላል። እንግዲህ አንድ የዱር አራዊት ተማሪ ወይም የፓርክ ሠራተኛ የእኔን መነጽር ይዞ ወደ ሜዳ ቢወጣ፣ አለቃውን ከተራው መለየት ያቅተዋል፤ በደብተሩ የሚጽፈውም ስሕተት ይሆናል። በቀይ የተቀባ መስተዋት ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው ወደ ዐይን የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው። ለጌጥ የተቀባው ቅብ ቀለሙን ሰረቀኝ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ በመነጽር ላይ የሚታተመው ስም የማን እንደ ሆነ መመርመር ጀመርኩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጃፓን ወደ ውጭ አገር በብዛት የተላኩት መነጽሮች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። በቶኪዮ ከተማ ኢታባሺ በሚባለው ወረዳና በሌላም ስፍራ የነበሩ ትናንሽ ፋብሪካዎች መነጽሩን ይሠሩ ነበር፤ በላዩ የሚታተመው ግን ብዙ ጊዜ የአስመጪው ነጋዴ ወይም የሱቁ ስም ነበር። በዚህ ምክንያት ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ሥራ በልዩ ልዩ ስም ይሸጥ ነበር። እውነተኛውን ሠሪ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው «ጄ. ቢ.» ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጋር በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ትንሽ ቁጥር ፈልጎ ያነባል። ዛሬም በቻይና፣ ይልቁንም በኩንሚንግ ከተማ፣ ያሉ ፋብሪካዎች ለብዙ ነጋዴዎች ይሠራሉ። ስለዚህ ተመሳሳይ ሥራ በተለያየ ስምና በተለያየ ዋጋ ገበያ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ስል ታላላቆቹን ፋብሪካዎች መንቀፌ አይደለም። በፕሪዝም የሚሠራውን መነጽር በ1894 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የጀርመኑ ዛይስ ነው። ነጸብራቅን የሚቀንሰውን ሥሥ የመስተዋት ቅብ በ1935 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈውም በዚያው ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ከእነርሱ ቢገዛ አይጸጸትም። ነገር ግን ያ ጥበብ ዛሬ የዓለም ሁሉ ሀብት ሆኗል፤ ስሙ ያልታወቀ ፋብሪካም በሚገባ ሊሠራበት ይችላል። ደግሞም ታዋቂው ስም በሐሰት ሊታተም እንደሚችል የእኔ መነጽር ይመሰክራል።

እንግዲህ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ወጣት ምን ይመልከት? አስቀድሞ ቁጥሩን ያንብብ። 8×42 የሚል ቢያገኝ፣ 8 ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ወደ ዐይን የሚመጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። 10×25 ከሆነ ግን ክቡ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ለቀትር ይበቃል፤ ሲመሽ ግን የዐይናችን ብሌን ስለሚሰፋ ምስሉ ይጨልምብናል። ከ10 እጥፍ በላይ የሚያቀርበውን መነጽር ደግሞ እጅ ብቻውን ሳያንቀጠቅጥ ሊይዘው ይቸገራል። በመዳፍ በሚያዝ መነጽር ላይ 100×180 ተጽፎ ቢያይ፣ ከተማሪ ቦርሳ ማስመሪያ አውጥቶ መስተዋቱን ይለካ፤ 180 ሚሊሜትር ማለት እኮ 18 ሳንቲሜትር ነው!

ሁለተኛ፣ መነጽሩን ወደ ብሩህ ሰማይ አቅንቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከዐይኑ አርቆ ይመልከተው። ወደ ፀሐይ ግን ፈጽሞ አያቅና፤ ዐይን ይጠፋል። በኋለኛው መስተዋት ላይ የሚታየው የብርሃን ክብ ዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ከሆነ መልካም ነው። ጠርዞቹ ተቆርጠው አራት ማዕዘን ቢመስል፣ ፕሪዝሙ ከዝቅተኛ መስተዋት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል።

ሦስተኛ፣ በፊተኛው መስተዋት ላይ የመብራት ነጸብራቅ ይይ። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቢሆን ጥሩ ምልክት ነው፤ ነጭ ሆኖ ቢያንጸባርቅ አልተቀባም ማለት ነው፤ ፍም የመሰለው ቀይ ግን እንደኔ ያስለቅሳል።

አራተኛ፣ ከሱቁ ደጅ ቆሞ ሩቅ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የጣራ ጠርዝ ይመልከት። ሁለቱ ዐይኖች የሚያዩት አንድ ምስል መሆን አለበት። ቀስ ብሎ መነጽሩን ከፊቱ ሲያርቅ ሽቦው ሁለት ሆኖ አንዱ ከሌላው በላይ ቢታይ፣ መነጽሩ ተዛንፏልና ይተወው። ዐይን ለጊዜው እየታገለ ሊያገጣጥመው ይችላል፤ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ግን ራስ ምታት ይሆናል። አሮጌ መነጽር ከሆነ ደግሞ ውስጡን በመብራት ይመርምር፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካለ አይግዛው።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ቅርጹ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ያለው መነጽር ለዐይን ያምራል፤ ለመያዝም ይቀላል። በውስጡ ያለው ፕሪዝም ግን እጅግ ጥንቃቄ ያለበት ሥራ ይፈልጋል፤ ምስሉ እንዲጠራም ዛይስ በ1988 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዓይነት ልዩ ቅብ ያሻዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ጣሊያናዊው ኢግናሲዮ ፖሮ በ1854 እ.ኤ.አ. ባገኘው ፕሪዝም የሚሠራው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጎንና ጎኑ የተሰበረ የሚመስለው መነጽር ግን ያ ቅብ አያስፈልገውም። ስለዚህ በአነስተኛ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚሻለው ይኸው መልከ ጥፉው ነው። የጓደኛዬም መነጽር የዚህ ወገን ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ በዚህ መንገድ መርምሬ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ባለ ትከሻ 8×40 አሮጌ መነጽር ከቀድሞው በሦስት እጅ ባነሰ ዋጋ ገዛሁ። ሻጩ ማርካውን ሳልጠይቅ ከደጁ ቆሜ የስልክ እንጨት ላይ ያለውን ሽቦ ለረጅም ጊዜ ስመለከት ገርሞት ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመለስኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ጠርዝ መጡ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ወንድ ወደ እኛ ዞሮ ተቀመጠ። ደረቱ ቀይ ነበር።