ሊኑክስ የዊንዶውስን የዲስክ ክፍል የሚከፍትበት ስልት

ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ሲጫኑ ብዙውን ጊዜ አንዱን ዲስክ ይካፈሉታል፤ ዲስኩ ፓርቲሽን በሚባሉ ክፍሎች ይሸነሸንና እያንዳንዱ ስርዓተ ክወና በየራሱ ክፍል ይሰፍራል። የየክፍሉ ወሰን የሚመዘገበው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ በሚገኝ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ኤምቢአር የሚባለው አሮጌው ዓይነት 4 ዋና ክፍሎችን ብቻ ሲይዝ ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ግን በተለመደው አሠራሩ እስከ 128 ይመዘግባል። ሰንጠረዡን ሁለቱም ስርዓቶች ስለሚያነቡት፣ ሊኑክስ የዊንዶውስ ክፍል ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለማወቅ አይቸገርም፤ አስቸጋሪው በወሰኑ ውስጥ ያለው አደረጃጀት ነው።

ይህ አደረጃጀት የፋይል ስርዓት ይባላል፤ የፋይሎች ስም፣ መጠንና በዲስኩ ላይ የሰፈሩበት ቦታ የሚመዘገብበት ደንብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጋር የቀረበው ኤንቲኤፍኤስ የእያንዳንዱን ፋይል መረጃ ዋና የፋይል ሰንጠረዥ በተባለ መዝገብ ሲይዝ፣ በሊኑክስ የተለመደው ኤክስት4 ይህንኑ መረጃ አይኖድ በሚባሉ ትናንሽ መዝገቦች ያኖራል። ልዩነቱን የሚያስታርቀው በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በስርዓቱ እምብርት፣ ውስጥ የሚገኘው ምናባዊ የፋይል ስርዓት ነው፤ ፕሮግራሞች የሚያቀርቡትን ጥያቄ ተቀብሎ የየፋይል ስርዓቱን ደንብ ለሚያውቀው ድራይቨር ስለሚያስተላልፍ፣ ጠያቂው ፕሮግራም ፋይሉ በየትኛው ደንብ እንደተቀመጠ ማወቅ አያስፈልገውም።

ዊንዶውስ ለየክፍሉ ሲ፣ ዲ እያለ ፊደል ሲሰጥ፣ ዩኒክስ የተባለው ቀደምት ስርዓትና ሊኑክስን ጨምሮ የእርሱን ፈለግ የተከተሉ ስርዓቶች ግን ፋይሎችን ሁሉ ከአንድ ሥር በሚነሳ ዛፍ ላይ ያደራጃሉ። ስለዚህ የሌላው ስርዓት ክፍል የሚከፈተው በዚህ ዛፍ ላይ በተዘጋጀ ፎልደር ላይ እንደ ቅርንጫፍ ሲቀጠል ነው፤ ይህ ተግባር ማውንት ማድረግ ይባላል። ክፍሉን መንቀልም የራሱ ትእዛዝ አለው፤ ገና በማስታወሻ ቋት ውስጥ የቆየ ጽሑፍ ወደ ዲስኩ የሚጠቃለለው በዚህ ጊዜ በመሆኑ፣ ሳይነቅሉ ዲስኩን ማላቀቅ መረጃን ለጥፋት ያጋልጣል።

ሊኑክስ ኤንቲኤፍኤስን ማንበብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲሆን፣ በአስተማማኝ ሁኔታ መጻፍ ግን ዓመታት ወስዷል፤ የስርዓቱ ውስጣዊ አሠራር በሙሉ ለሕዝብ ስላልተገለጸ ባለሙያዎች ዲስኩን እየመረመሩ ደንቡን ራሳቸው ማውጣት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ የተባለው ድራይቨር፣ ከከርነሉ ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም እየሠራ፣ የተሟላ የመጻፍ አቅም አስገኘ፤ በ2021 ደግሞ ፓራጎን የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው ድራይቨር ከ5.15 ዕትም ጋር በከርነሉ ውስጥ ተካተተ።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች የፋይል ስም ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የፊደላት ኮድ መስፈርት ውስጥ ስለገባ ሁለቱም ስርዓቶች የአማርኛ ስሞችን ያውቃሉ፤ ሆኖም ኤንቲኤፍኤስ አንዱን ፊደል በ2 ባይት ሲጽፍ ሊኑክስ በ3 ባይት ይጽፈዋል። በመሆኑም ኤንቲኤፍኤስ ለአንድ ስም እስከ 255 የግእዝ ፊደላት ሲፈቅድ፣ ወሰኑ 255 ባይት የሆነው ኤክስት4 ከ85 በላይ አይቀበልም፤ ረዥም ርዕስ የተሰጠው ሰነድ ወደ ሊኑክስ ክፍል ሲገለበጥ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ዊንዶውስ በትክክል ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያለው ፈጣን አነሳስ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የከርነሉን ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚያቆይ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ክፍሉን እንደተወው ሆኖ እንደሚያገኘው ይቆጥራል፤ በመካከሉ ሌላ ስርዓት ከጻፈበት የሁለቱ መዝገብ ይጣረሳል። ድራይቨሩ እንዲህ ባለ ክፍል ላይ መጻፍን ሲከለክል እገዳውን በኃይል ማለፍ አይገባም። ተጠቃሚው ፈጣን አነሳስን አጥፍቶ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ይዝጋ፤ ለንባብ ብቻ የሚፈልገውን ክፍል ለንባብ ብቻ ይክፈት፤ ከመጻፉ በፊትም የሰነዶቹን ቅጂ በሌላ ዲስክ ያኑር።