የዛፉ «ሽበት» ስንት ነው?

በሰፈራችሁ ያረጀ ወይራ ወይም ጽድ ካለ ጠጋ ብላችሁ ግንዱን እዩት። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አይጠፋም። አመድማ፣ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ቢጫ ነገር ተለጥፎበታል። ቅርንጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ሊኖር ይችላል። ድንጋይ ላይ ሲወጣ «የድንጋይ ሽበት» የሚሉት አሉ። በሳይንስ ስሙ ላይከን ነው።

ብዙ ሰው የዛፍ በሽታ ይመስለዋል። አይደለም። እንደውም ላይከን ሽርክና ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፤ ውስጡ የሚኖረው አልጌ ወይም ሳያኖባክቴሪያ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ሥር ስለሌለው የሚኖረው ከዝናብ፣ ከጉምና ከአየር በሚያገኘው ነው። አየር ሲበከል ቶሎ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ከሁሉም የሳበኝ ቆጠራው ነው። ለካስ ብቻዬን አይደለሁም! ለሐኪሞች የታወቀ የስታቲስቲክስ መግቢያ የጻፈው እንግሊዛዊው ስዊንስኮ የላይከን ተመራማሪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ከኖርዌያዊቷ ሂልዱር ክሮግ ጋር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ትልልቅ ላይከኖች መጽሐፍ አሳትሟል።

ቆጠራው እንዴት ይካሄዳል? ተመራማሪው አጉሊ መነፅር፣ ቢላዋና የወረቀት ፖስታ ይዞ ጫካ ይገባል። የዛፉን ዓይነት፣ ከፍታውንና ናሙናው ከየትኛው ጎን እንደተወሰደ ይመዘግባል። በኋላ የኬሚካል ምርመራ አለ፤ በረኪና ጠብ ሲደረግበት ወደ ቀይ የሚቀየር ዝርያ አለ። ዛሬ ደግሞ የዘረመል ምርመራ ተጨምሯል።

መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ዛፍ አዲስ ዝርያ ይሰጣችኋል፤ እየቆያችሁ ስትሄዱ አዲሱ እየቀነሰ ይመጣል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የምናውቀው እየቀነሰ የሚሄድ ምርት ማለት ነው። ሞቃታማው የዓለም ክፍል ላይ ግን ይህ ቶሎ አይመጣም። በኮስታሪካ ዝናባማ ደን አንድ ቅጠል ብቻ በአስሮች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ተሸክሞ ተገኝቷል።

ከሁሉም የገረመኝ የኮራ ታሪክ ነው። ኮራ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ተራሮች በብዛት የሚታይ ላይከን ነው። ለረጅም ዘመን አንድ ዝርያ ተብሎ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሮበርት ሉኪንግና ባልደረቦቹ ዘረመሉን ሲመረምሩ ቢያንስ 126 ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ በእነሱ ግምት ደግሞ ከ400 በላይ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ዝርያ ሁሉም ተራራ ላይ ካለ፣ አንዱ ተራራ ቢመነጠር ሌላው ጋ አለ ብለን እንጽናናለን። አንዳንዱ ዝርያ ያለው እዚያ ተራራ ላይ ብቻ ከሆነስ? በቃ፣ ሄደ ማለት ነው። ያልተቆጠረ ነገር ኪሳራውም አይመዘገብም።

ይህ ሒሳብ እኛንም ይመለከታል። ባሌ ውስጥ ሐረና ጫካ ገብቶ ያየ ሰው ዛፎቹ ጢም አውጥተው እንደቆሙ ያውቃል። አንዳንድ ላይከኖች ናይትሮጅን ከአየር ወስደው፣ ሲረግፉ አፈሩን ያዳብራሉ፤ ጢማሞቹ ጉም ይይዛሉ፤ ወፎችም ለጎጆ ይወስዷቸዋል። ብዙዎቹ ግን በዓመት የሚያድጉት በሚሊ ሜትር ነው። ያረጀ ዛፍ ይፈልጋሉ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ተረጋግቶ መቀመጥ ይቸግራቸዋል።

በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የችግኝ ቁጥር እንሰማለን። መትከሉ ጥሩ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ችግኝ ፍሰት ነው፤ ያረጀ ዛፍ ደግሞ ክምችት። አንድ የመቶ ዓመት ዛፍ ቆርጠን መቶ ችግኝ ብንተክል ወረቀቱ ላይ 99 አተረፍን። ዛፉ ላይ የነበሩት ላይከኖች ግን ችግኙ ላይ ወዲያው አይሰፍሩም። ስለዚህ ከተተከለው ቁጥር ጎን ስንት ያረጀ ዛፍ እንደቀረም ቢነገረን ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ስልካችሁ አለ። አይናቹራሊስት በሚባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ ያያችሁትን ላይከን ፎቶ ከነቦታው ጫኑ፤ ከቅርብም ከራቅ ብላችሁም አንሱት፣ የዛፉንም ዓይነት ጻፉ። ብቻ አደራ፣ አትፋቁት። በጥፍር ለሰከንድ የተፋቀውን ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል።