ከሰበታ አልስሜር ይቀርባል፣ ኮዬ ፈጬ ይርቃል

ሰበታ አካባቢ ጧት የተቆረጠ ጽጌረዳ ማታውን ቦሌ ይገባል። ሌሊት በጭነት አውሮፕላን ተነስቶ፣ ብዙ ጊዜም በቤልጂየሟ ሊዬዥ በኩል አልፎ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሆላንድ አልስሜር ከሚገኘው የአበባ ጨረታ ይደርሳል። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ከማቀዝቀዣ አልወጣም ማለት ይቻላል። ያንኑ አበባ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖር እናት እንላክ ብንል ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ሰበታም ኮዬ ፈጬም ዛሬ በአንድ ከተማ፣ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ታክሲ ተቀያይሮ በግማሽ ቀን የሚሸፈን ነው። ሆኖም ትኩስ አበባን ከአንዱ ወደ ሌላው በአስተማማኝ ዋጋና በታወቀ ሰዓት የሚያደርስ ሥርዓት የለም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የአበባ እርሻ በኢትዮጵያ የተስፋፋው በመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ያየው ደግሞ የውጭ ገበያን ብቻ ነበር። በ1992 ዓ.ም ገደማ ከሰበታ አለፍ ብሎ በጅማ መንገድ ተፍኪ ላይ ጎልደን ሮዝ የተባለው እርሻ ዘመናዊ የብረት ግሪን ሃውስ ተከለ። ብዙም ሳይቆይ አምራቾቹ በማኅበር ተደራጁ። የልማት ባንክ የኢንቨስትመንቱን 70 በመቶ ድረስ ያበድር ጀመር። መሬት በርካሽ ሊዝ ተሰጠ፣ ዕቃ ከቀረጥ ነጻ ገባ፣ የትርፍ ግብር ለዓመታት ታለፈ። ሼር የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ሰፊ እርሻ ሲከፍት፣ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ከሰበታ እስከ ሆለታ ያለው ደጋ በላስቲክ ጣሪያ ተሸፈነ። ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ሁለተኛ ላኪ የሆንነው በዚህ መንገድ ነው። ማቀዝቀዣ ያላቸው መኪኖች፣ የቦሌው ቀዝቃዛ መጋዘን፣ የአየር መንገዱ የጭነት በረራዎች ሁሉ የተዘረጉት ከእርሻ ወደ አውሮፕላን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

የደጋው አበባ ለምን እንደሚወደድ ማወቅ ለኋላው ሐሳብ ይጠቅማልና ትንሽ ልቆይበት። ጽጌረዳ የሌሊት ብርድ ይወዳል። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ አበባው ቶሎ ይደርሳል፣ ከአንድ ካሬ ሜትርም ብዙ ዘንግ ይቆረጣል፣ ግን እምቡጡ አነስ ይላል። ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነችው ሰበታ፣ ከዚያም ከፍ ብላ በምትገኘው ሱሉልታ፣ እምቡጡ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ዘንጉ ይረዝማል፣ እምቡጡ ይተልቃል። ከአንድ ካሬ ሜትር የሚገኘው ዘንግ ይቀንሳል፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ግን ይጨምራል። ስለዚህ የደጋው እርሻ የሚኖረው በብዛት ሳይሆን በጥራት ነው፤ ለጥራት ሲለይም የሚጣለው ይበዛል። ዘንጉ ያጠረ፣ አንገቱ የጎበጠ፣ ቶሎ የፈነዳ፣ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ የወጣበት ሁሉ ከካርቶኑ ይቀራል።

አገር ውስጥ ገበያ የሚደርሰው በአብዛኛው ይህ የቀረው ነው። በባልዲ ውኃ ተነክሮ በሚኒባስ ወይም በፒካፕ ወደ ከተማ ይገባል፤ የሠርግ መኪና ያስጌጣል፣ በምረቃ ቀን አዳራሽ በር ላይ ይሸጣል፣ ለለቅሶ የአበባ ጉንጉን ይሆናል። ውጭ የሚላከው ጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ሲጓዝ፣ የኛው ፀሐይ ላይ ይቆማል። ነጋዴዋ ከገዛችው ምን ያህሉ እጇ ላይ እንደሚጠወልግ ስለማታውቅ የሚበላሸውን በሚሸጠው ዋጋ ላይ ትጨምራለች። ገዢው «አበባ ውድ ነው» ሲል አብዛኛው የሚከፍለው ለአበባው ሳይሆን ለብልሽቱ ነው። በአንድ ሠፈር አንድ አነስተኛ ቀዝቃዛ ክፍል ቢኖር ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ዋጋ ያወርዳል።

«አበባ መስጠት የፈረንጅ ነገር ነው፣ ገበያው የለም» የሚሉ ባለሀብቶች አሉ። አልቀበላቸውም። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ የሚዘፍኑባት፣ ወንዶች ልጆች የሳሉትን አበባ ለጎረቤትና ለዘመድ አድለው ብር የሚቀበሉባት አገር ናት። በበዓል ዋዜማ ከሱሉልታና ከእንጦጦ ጀርባ እናቶች አደይና ቄጠማ በሸክም ያወርዳሉ፤ ከወንዝ ዳርና ከረግረግ የታጨደው ቄጠማ ሳይጎዘጎዝ በዓል በዓል አይመስልም። ያለ ብድር፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከተማውን ሁሉ የሚያዳርስ የአበባና የሣር ንግድ ነው። ፍላጎቱ አለ። የጎደለው ፍላጎቱ ከበዓል ቀን ውጭም የሚገናኝበት አቅርቦት ነው።

ኮዬ ፈጬን የመረጥኩት ለዚህ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም ይህን ሳይት ጨምሮ ለ51,229 ቤቶች ዕጣ ወጣ።  ከመሀል ከተማ ወጥቶ በየኮንዶሚኒየሙ የሰፈረው ሕዝብ ከዘመድ አዝማዱ ርቋል። ድሮ በእግር ተኪዶ የሚጠየቅ አራስ፣ የሚጎበኝ ታማሚ፣ ዛሬ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ሰው መሄድ ሲያቅተው የሚልከው ነገር ያስፈልገዋል። ስጦታ አድራሹ ግን ሦስት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው አድራሻ ነው፤ የመንገድ ስም ስለሌለ ብሎክና ቤት ቁጥር ተነግሮትም ሦስት ጊዜ ይደውላል። ሁለተኛው ሞተር ብስክሌት ነው፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ሞተር ላይ ገደብ ካደረገች ወዲህ በፈቃድ ብቻ ይሠራል፣ ከሸገር ወደ አዲስ አበባ መሻገርም ሌላ ጣጣ ነው። ሦስተኛው ክፍያ ነበር፤ ይህኛውን ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት በአመዛኙ ፈትተውታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለኮዬ ፈጬዋ እናት እቅፍ አበባ የሚልከው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ቨርጂኒያ፣ ቶሮንቶ ወይም ዱባይ ያለ ልጇ ነው። ለበዓል በግ፣ ለልደት ኬክ፣ ለአራስ እቅፍ አበባ ከውጭ ሆኖ ማዘዝ ከተለመደ ቆየ። ለስሌት ያህል እንበልና ልጁ ለ20 ጽጌረዳ 40 ዶላር ይክፈል። ያው 20 ጽጌረዳ አልስሜር ላይ አንዱ በ25 ሳንቲም ቢሸጥ 5 ዶላር ነው። አንድ ዘንግ 40 ግራም ቢመዝን 25 ዘንግ አንድ ኪሎ ይሆናል፤ የአየር ጭነቱ በኪሎ 2 ዶላር ቢሆን ከ5 ዶላሩ 1.60 ለበረራ ይሄዳል፣ የጨረታው ኮሚሽን ገና አልተነሳም። ለእናቱ የታዘዘው አበባ ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልበረረም። 40 ዶላሩ ለአበባው፣ አበባውን ላሰረችው ሴት፣ ለሹፌሩ፣ ለሱቁ ኪራይ ይከፋፈላል፤ ሁሉም እዚሁ አገር ያለ ሥራ ነው።

ይህ አበባ ግን በማንም መዝገብ ኤክስፖርት አይባልም። ላኪ ከባንክ የኤክስፖርት ፈቃድ ያወጣል፣ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይሠራል፣ ዶላሩ ሲገባ ከዚያ ጋር ይመሳከራል። ኮዬ ፈጬ የገባ አበባ ዲክላራሲዮን የለውም፤ ስለዚህ እርሻው ያንን አበባ በብር የሸጠ ተራ ነጋዴ ነው። በክፍያ ሚዛን ሒሳብ የልጁ ገንዘብ እንደ ሐዋላ ይታያል፤ ይህም መደበኛውን መስመር ከተከተለ ነው። ሻጩ ውጭ አገር ሒሳብ ካለው ዶላሩ እዚያው ይቀራል፣ እዚህ ያለው ወኪል በብር ይከፍላል፤ አገሪቱ አበባውን ሰጥታ ምንዛሪውን አላገኘችም ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለዚህ ሽሽት የነበረው ምክንያት ቀንሷል። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ የባንክና የጎን ገበያው ልዩነት ጠበበ፤ ላኪዎችም ከገቢያቸው እንዲያስቀሩ የተፈቀደላቸው ከ40 ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። ከውጭ በካርድ ተከፍሎ እዚሁ የሚደርስ አበባ ይህ መብት ቢሰጠው፣ እርሻው ጥራቱን ያሟላ አበባ ለአገር ውስጥ ለማቅረብ ምክንያት ያገኛል።

አንዳንድ የዘርፉ ሰዎች ይህ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ከሚያስገባው ኤክስፖርት አጠገብ ሲታይ ኢምንት ነው ይላሉ። በመጠን ትክክል ናቸው። እኔ ግን መጋቢት 2012 ዓ.ም ትዝ ይለኛል። ኮሮና አውሮፓን ሲዘጋ የሆላንድ ጨረታ ወደቀ፣ አበባ በጭነት ተጣለ፤ ግሪን ሃውስ ውስጥ የሚሠሩት፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት ሠራተኞች፣ ነገ ሥራ ይኑር አይኑር ሳያውቁ ቆዩ። የግል ዘርፉ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ባልተወሰነበት አገር ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት እነሱን ነው። ከሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የጽጌረዳን እምቡጥ በሚበላ የእሳት ራት ዝርያ ምክንያት ከአፍሪካ የሚገባው ላይ ቁጥጥሩን አጥብቋል። አንድ ትል የተገኘበት ጭነት በሙሉ ሊመለስ ወይም ሊወድም ይችላል። አብዛኛው አበባችን በአንድ አገር በኩል እየገባ፣ አንድ ደንብ ሲለወጥ የሚናወጥ ዘርፍ፣ ደጁ ላይ ያለውን ገዢ መናቅ አይችልም።

የሚጠየቀው ነገር ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በአገር ውስጥ ደርሶ በውጭ ምንዛሪ የተከፈለ ስጦታን ላኪ የሚያስመዘግብበት አጭር መመሪያ ያውጣ፤ ማስረጃው የባንኩ የክፍያ ደረሰኝና የእርሻው ደረሰኝ ይሁን። የሸገር ከተማ አስተዳደር በየክፍለ ከተማው ከሚያሠራቸው የገበያ ሼዶች አንዱን፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በሰበታ፣ የጋራ ቀዝቃዛ ክፍል አድርጎ ለተደራጁ ሴት ነጋዴዎች ያከራይ፤ ለአበባም ለጎመንም ያገለግላል። የአምራቾችና ላኪዎች ማኅበር ደግሞ ለአገር ውስጥ የሚሸጥ አበባ ደረጃ ይጻፍለት፤ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የኬሚካል ማረፊያ ጊዜው ስንት እንደሆነ ገዢው የሚያነበው። የኬሚካሉን ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። አራስ ቤት የሚገባውን አበባ የሚመረምረው የለም፣ ከእርሻዎቹ የሚወጣው ውኃም በሰበታ ወንዝ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል።