ዲጄ ስቴንት ገብቶልዎታል? የሚወጣበትን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ

 

ሰሞኑን እዚህ መካነ ኢየሱስ አንድ አባት ተመላላሽ ክፍል መጡ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ሽንታቸው ደም ይቀላቅላል፣ ሲሸኑ ጎናቸውን ይወጋቸዋል። "የሽንት ኢንፌክሽን ነው" ተብለው ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወስደዋል።

"አባባ፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎት ያውቃል?" ስላቸው፣

"አምና የኩላሊት ጠጠር አውጥተውልኛል። ጠጠሩ እኮ ወጥቷል ልጄ፤ ምን ቀረኝ?" አሉኝ።

በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። መጨረሻው መስመር ላይ "ዲጄ ስቴንት ገብቷል፤ ከ6 ሳምንት በኋላ ይውጣ" ይላል። ይህን መስመር ያነበበላቸው ሰው የለም። ኤክስሬይ ስናነሳ ቱቦው እዚያው አለ፤ ጫፉም ላይ አዲስ ጠጠር ሠርቷል።

🔹 ዲጄ ስቴንት ምንድን ነው?

ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው በቀጭን ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ሲዘጋ ሽንቱ ወደ ኋላ ይጠራቀምና ኩላሊቱን ያሳብጠዋል፤ ከቆየም ይጎዳዋል። ስቴንት ማለት ሽንቱ እንዲያልፍ በዚህ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ርዝመቱ ለአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ ከ22 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዳይንሸራተት ሁለቱም ጫፎቹ እንደ እንግሊዝኛው "ጄ" ፊደል ይጠቀለላሉ፤ አንዱ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ። "ዲጄ" የተባለውም ድርብ ጄ ለማለት ነው እንጂ ከሠርጉ ዲጄ ጋር አይገናኝም 😊

🔹 ለማን ይገባል?

✅ የኩላሊት ወይም የሽንት ቱቦ ጠጠር ለወጣለት ሰው
✅ ጠጠር ዘግቶበት ኩላሊቱ ኢንፌክሽን ለያዘው (ይህ ድንገተኛ ነው)
✅ የማህፀን በር ካንሰር ወይም ሌላ ዕጢ የሽንት ቱቦውን ለተጫነበት
✅ የሽንት ቱቦው ተጎድቶ ለተጠገነለት
✅ ኩላሊት ለተተከለለት

🔹 ገብቶ እያለ ምን ይሰማል?

ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት፣ ማጣደፍ፣ ሲሸኑ ጎን ላይ መውጋት፣ በተለይ ብዙ ከተንቀሳቀሱ ወይም ከባድ ነገር ከተሸከሙ በኋላ ቀላ ያለ ሽንት። እነዚህ የተለመዱ ናቸው። ሐኪም ካልከለከለዎት ውኃ በደንብ ይጠጡ፤ ከባድ ሸክም ይቀንሱ። ሕመሙ ካስቸገረዎት የሚያስታግስ መድኃኒት ስላለ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

🚨 እነዚህ ከታዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፦

❗ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት
❗ የረጋ ደም ወይም በጣም የቀላ ሽንት
❗ ሽንት አልወጣ ማለት
❗ የማያቆም የጎን ሕመም
❗ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ወይም ቱቦው በሽንት መውጫ መታየት

🔹 ባይወጣስ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ስቴንት ከሳምንታት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ መውጣት ወይም መቀየር አለበት። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ዓይነትም ስላለ ትክክለኛውን ቀን የሚነግርዎት ያስገባው ሐኪም ነው። ቱቦው ሲቆይ የሽንት ጨው ይጋገርበታል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል። ጠጠር ደጋግሞ በሚይዘው ሰውና በነፍሰ ጡር ላይ ይህ ይፈጥናል። አንዳንዱ ሰው ምንም አያመውም፤ ግን ኩላሊቱ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል።

በጊዜው ሲወጣ ሥራው ቀላል ነው። በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን ካሜራ ይገባና ቱቦው ተይዞ ይሳባል። ብዙ ጊዜ በማደንዘዣ ጄል ብቻ ይሠራል፤ ሰውነት አይቀደድም፣ የሚፈጀውም ደቂቃዎች ነው። ከተረሳ ግን ጠጠሩን መስበር፣ አንዳንዴም ከአንድ በላይ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። ኩላሊቱን እስከማጣት የደረሱም አሉ።

🔹 ቀኑ ካለፈብዎትስ?

ባለፉት ዓመታት መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ብር አጥሮ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ብዙ ነው። ማንም አይቆጣዎትም፤ ዛሬውኑ ይሂዱ። አቅራቢያዎ ያለ ሆስፒታል ኤክስሬይ ያነሳዎትና ዩሮሎጂስት ወዳለበት ይልክዎታል። ከእኛ አካባቢ ሰው ብዙ ጊዜ የሚላከው ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ነው። ክር ያለው ስቴንት ከሆነም ሳይታዘዙ ራስዎ አይሳቡት።

📱 እናንተ ይህን በስልክ የምታነቡ ደግሞ፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ገጠር ሆነው ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ከሆስፒታል ሲወጡ አራት ነገር ጠይቁ፦

1. ውስጥ የቀረ ቱቦ አለ?
2. በየትኛው ጎን?
3. መቼ ይወጣል?
4. የት ሄደው ያስወጣሉ?

የመውጫ ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። ከቀኑ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የሚጮህ አላርም ሙሉ።

እኒያ አባት ሪፈር ተጽፎላቸው ባሕር ዳር ሄደዋል። አዲስ አበባ ላለው ልጃቸው ስደውልለት "ቱቦ እንዳለ እኮ የነገረን የለም ዶክተር" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በአማርኛ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የእኛ የሐኪሞች ሥራ ነበር። እስከዚያው ግን እናንተ ጠይቁን።

ወላጆቹ ጠጠር ላስወጡ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።